ውሻ በክርስቲያን ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውሻ በክርስቲያን ቤት ሊኖር ይገባዋልን? ወጣቶች ይህን ጥያቄ ሲያነሡ ብዙዎቻችን «ርኩስ ነው» ብለን ፈጥነን እንዘጋዋለን። ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ መከልከሉ እውነት ነው፤ ሥርዐቱም መጠበቅ አለበት። ይሁን እንጂ ከመቅደስ መከልከልና በድንጋይ መቀጥቀጥ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በራእይ ዮሐንስ 22፥15 ከቅድስት ከተማ ውጭ ናቸው የተባሉት ውሾችም ግብራቸው የከፋ ሰዎች እንጂ በደጃችን የሚተኛው እንስሳ አይደለም። ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው ተከትሎታል። ባለጸጋው ፊቱን ያዞረበትን የአልዓዛርን ቁስል የላሱለትም ውሾች ናቸው። ጠቢቡ ሰሎሞን ደግሞ በምሳሌ 12፥10 ለእንስሳ ነፍስ ማሰብን ከጻድቅ ጠባይ ቈጥሮታል።

ስለዚህ ማሳደግ ይቻላል እላለሁ፤ ያሳደገ ግን ባለ ዕዳ ነው።

ዕዳው በተለይ የሚከብደው ከአዳኝ ዘር የተዳቀለ ውሻ በሚያሳድግ ቤተሰብ ላይ ነው። እንደ ግሬይሀውንድና ሳሉኪ ያሉት ዘሮች ከማሽተት ይልቅ በዐይናቸው አይተው የሚያድኑ፣ እግራቸው የረዘመ፣ ወገባቸው የቀጠነ ናቸው። ግሬይሀውንድ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። የእነዚህ ድቅል በቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ገር ነው፤ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ተኝቶ ያሳልፋል፤ ልጆችም ይወዱታል። የሚሮጥ ነገር ባየ ጊዜ ግን የጌታውን ጥሪ አይሰማም። ከአንኮበር ተራራ ሥር እንደምትገኘው እንደ አሊዩ አምባ ባለ፣ ፍየል በየዳገቱ በሚሰማራበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጎረቤትን ፍየል ገደል የሰደደ ውሻ ሁለት ቤተሰብ ያቀያይማል። ጥንቸል ይዞ ቢመጣስ ምን ይረባናል? ጥንቸል አንበላም።

አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረር የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት የገበያ ከተማ ነበረች፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙም በአንድነት ኖረውባታል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ውሻ የላሰውን ልብስ ሳያጥቡ ለሶላት አይቆሙም። እንግዲህ ውሻን በገበያ ቀን መንገድ ላይ መልቀቅ ጉርብትናን መናቅ ነው። ይህን ፈርቶ በአጭር ሰንሰለት ዓመቱን ሙሉ ማሰርም ለሩጫ በተፈጠረ እንስሳ ላይ የሚፈጸም ጭካኔ ነው። የታጠረ ግቢ፣ ማለዳና ማታም በገመድ ይዞ ማንሸራሸር ያስፈልገዋል። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ባያሳድግ ይሻለዋል።

በጾም ወቅት ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከማድቤቱ ሥጋና ወተት ሲጠፋ ውሻውም ሳይጠየቅ አብሮ ጿሚ ይሆናል! የነነዌ ንጉሥ እንስሳት እንኳ እንዳይቀምሱ ማወጁን ጠቅሶ የሚከራከር አይጠፋም። ያ ግን ከተማይቱ ልትጠፋ በቀረበች ጊዜ የወጣ ዐዋጅ ነበር፤ የእኛ አጽዋማት ለእንስሳት አልተደነገጉም። ሽሮ በነካካው እንጀራ ብቻ ሁለት ወር የሰነበተ ቀጭን ውሻ አጥንቱ ይቈጠራል። ለእርሱ እንቁላል መቀቀል የእኛን ጾም አይሽርም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የሚተላለፍባቸው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። አዳኝ ድቅል ርቆ ስለሚሮጥ ከባዘነ ውሻም ከአውሬም ይገናኛል። ከእኛ በላይ በመንዝ ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም በዚሁ በሽታ ሊያልቅ ይችላል፤ በባሌ ተራሮች በ2003 እ.ኤ.አ. ከውሾች የተዛመተው ወረርሽኝ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ውሻውን በየዓመቱ ማስከተብ ስለዚህ ለልጆቻችንም ለአውሬውም ነው።

በውሻ የተነከሰ ልጅን ጠበል አስጠምቆ ብቻ ቤት ማስቀመጥ ግን እምነት አይባልም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ይመክራል፤ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑንም ይነግረናል። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ልጁም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ጠበሉን ከክትባቱ ጋር ጎን ለጎን መቀጠል ይችላል፤ የክትባቱን ቀጠሮ ግን አንዱንም አያሳልፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።