ባለ አራት ቻናሉ ይቅርብን

እኛ ነገሌ ቦረናና አካባቢዋ ሰርግ የምናሞቅ ዲጄዎች ኮንትሮለር ልንቀይር ስንነሳ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ቻናል አለው?» ብለን ነው። «መብራት ሲሄድስ?» ማለቱን ግን እንረሳለን።

እስቲ ሁለቱን የፓዮነር ዕቃዎች እናወዳድር። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኤፍኤልኤክስ 10 አራት ቻናል አለው፤ ያምራል። ግን የራሱ ቻርጀር ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይሠራም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ታናሹ ኤፍኤልኤክስ 4 ባለ ሁለት ቻናል ነው፤ ኃይሉን ግን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ይወስዳል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ነቅቶ ይጠብቃል።

«አራት ቻናል ሚክስ ያሳምራል» ትሉን ይሆናል። ለሃውስና ለቴክኖ፣ እውነት ነው። የኛ ሰርግ ግን ከኦሮምኛ ወደ ሶማሊኛ፣ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ ይዘላል። ቺክቺካው ደግሞ በስድስት ስምንተኛ ስለሚሄድ ሶፍትዌሩ ምቱን ይስተዋል፤ ያኔ የሚያድነን ጆሯችን ነው።

በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እሳት ሆኗል። ተሳስተን ከገዛን የብዙ ሰርግ ገቢያችን ይቀልጣል። ቢበላሽም ወደ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አለ።

ስለዚህ ትንሹን እንግዛ፤ በተረፈው ብር ባትሪ ያለው ድምፅ ማጉያና የአቧራ ክዳን እንጨምር። ሙሽሮቹ ቻናል አይቆጥሩም፤ ጭፈራው መሀል ዝም ካልን ግን መቼም አይረሱልንም።