ሸክም የማይቀባበሉ ስላቦች

በአሮጌ የአርማታ አውራ ጎዳና ላይ ጭነት ይዞ የነዳ ሹፌር ድምፁን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በወገቡም ያውቀዋል። ዱብ-ዱብ፣ ዱብ-ዱብ። መንገዱ የተሠራባቸው የአርማታ ሰሌዳዎች፣ ማለትም ስላቦቹ፣ 4.6 ሜትር ያህል ከረዘሙ፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በየሰከንዱ አምስት መጋጠሚያ ይሻገራል፤ በእያንዳንዱም ላይ ጎማው ከአንዲት ትንሽ ደረጃ ይወርዳል። በአሜሪካ ዋሺንግተን ግዛት ከሲያትል ተነስቶ በስኖኳልሚ የተራራ መተላለፊያ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው አይ-90፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሹፌሮችም የሚመላለሱበት መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በብዙ ቦታ እንዲህ ሆኖ ነበር።

ደረጃዋ በሚሊ ሜትር የምትለካ ናት። ሰው የሚያየው ግን ስንጥቁን ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሲገኝ ስንጥቁ በሬንጅ ይሞላል፤ ወይም መንገዱ ከላይ አስፋልት ይለብስና ይረሳል። የአርማታ መንገድ የሚታመመው ስለተሰነጠቀ አይደለም። አርማታ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ መሰንጠቁ አይቀርም፤ መሐንዲሶች መጋጠሚያ የሚቆርጡትም ስንጥቁ እነሱ በመረጡት ቦታ እንዲወጣ ነው። መንገዱ የሚታመመው ስላቦቹ ሸክም መቀባበል ሲያቆሙ ነው፤ ቅብብሉን ያልመለሰ ጥገና ጥገና ሊባል አይገባም።

ከሥር የሚሆነውን እንመልከት። ዝናብ በመጋጠሚያው ሰርጎ ስላቡ ሥር ተኝቷል። የከባድ መኪና ጎማ ወደ ስላቡ ጫፍ ሲቃረብ ጫፉ ቀስ ብሎ ይሰምጥና ውኃውን ወደፊት፣ በቀጣዩ ስላብ ሥር ይገፋዋል። ጎማው ሲሻገር ቀጣዩ ስላብ በድንገት ይመታል፤ ውኃው ደቃቁን አፈር ይዞ ወደ ኋላ ይወረወራል። አፈሩ በኋለኛው ስላብ ሥር ተከማችቶ ቀስ በቀስ ከፍ ያደርገዋል፤ ከፊተኛው ሥር ደግሞ ባዶ ይቀራል። ሹፌሩን የሚያነጥረው ደረጃ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ድጋፉን ያጣው ስላብ መሃሉ ላይ ሲሰነጠቅ፣ ያ ስንጥቅ የመጨረሻው ምልክት እንጂ መነሻው አይደለም። በላዩ ሬንጅ ማፍሰስ ውኃውን ለጥቂት ጊዜ ያግድ ይሆናል፤ የስላቡን ጫፍ ግን ከመስመጥ አያድነውም።

መድኃኒቱ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ አጠገብ በተካሄደው ታላቅ የመንገድ ሙከራ፣ የአርማታው መጋጠሚያዎች ሁሉ ዶዌል የሚባለው፣ መጋጠሚያውን አቋርጦ ሸክም የሚያቀብል ለስላሳ ድቡልቡል የብረት ዘንግ ነበራቸው፤ ደረጃ የታየውም በመጋጠሚያዎቹ ላይ ሳይሆን በስንጥቆች ላይ ነበር። የዋሺንግተን ግዛት ግን በዚያው ዘመን አውራ ጎዳናዎቹን ያለ ዶዌል አነጠፈ። የተሰነጠቀው አርማታ ጠጠር ለጠጠር ተቆላልፎ ሸክሙን ያቀብላል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ለጊዜው ትራፊክም በቅቷል። ኋላ የከባድ መኪናው ብዛት ጨመረ። የአንድ አክስል ጭነት በእጥፍ ሲያድግ ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ እንደሚደርስ ያስተማረን ያው የኦታዋ ሙከራ ነው። ጠጠሩ እርስ በርስ ተፋጭቶ አለቀ።

ያልገባውን ብረት ከ30 ዓመት በኋላ ማስገባት ይቻላል? ፖርቶ ሪኮ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሠርታዋለች። የዋሺንግተን መሐንዲሶችም እ.ኤ.አ. በ1992 አይ-90 ላይ ሞከሩት። በእያንዳንዱ የጎማ መስመር መጋጠሚያውን አቋርጠው የሚያልፉ፣ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጉ ጠባብ ቦዮች በአልማዝ መጋዝ ይቆረጣሉ። መሃል የቀረው አርማታ በቀላል መዶሻ ይነሳል፤ ከባዱ የቦዩን ወለል ሊበሳው ይችላል። ቦዩ በአሸዋ ግፊት ይጸዳል። ስንጥቁ ከወለልም ከጎንም በማሸጊያ ይደፈናል፤ አለዚያ ሞርታሩ ገብቶ ይደርቅና በበጋ ስላቦቹ ሲሰፉ መላወሻ ይነሳቸዋል። ከዚያ 38 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት፣ ጫፎቹ ቆብ ለብሰው፣ በትንንሽ እግሮች ላይ ይቀመጣል፤ መሃሉ ላይ ቀጭን የፎም ሰሌዳ ይቆማል፤ ቶሎ የሚደርቅ ሞርታር ይሞላል። በመጨረሻም ላዩ በአልማዝ ይላጋል።

ብረቱ በርዝመቱ አቅጣጫ መንሸራተት አለበት፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ፈጽሞ መላወስ የለበትም። ከተንጋደደ መጋጠሚያውን ቆልፎ አዲስ ስንጥቅ ሊወልድ ይችላል። የግዛቱ መሐንዲሶች ከዓመታት ክትትል በኋላ የጻፉት አብዛኛው ምክር እንዲህ ስላሉት ነገሮች ነው፦ ስላልተደፈነ ስንጥቅ፣ ስለተንሸራተተ ፎም፣ በደንብ ስላልተጸዳ ቦይ። እኔን ይህ ያስደንቀኛል። የአንድ አውራ ጎዳና ዕድሜ፣ በሌሊት መብራት ተንበርክኮ ቦይ በሚጠርግ ሠራተኛ ጥንቃቄ ላይ ይቆማል። ለእሱ ጊዜ የማይሰጥ ውል መንገዱንም ጊዜ ይነሳዋል።

ይህ ሥራ ለሁሉም መንገድ አይሆንም። ስላቡ ተሰባብሮ ካለቀ ብረት ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ያለው አማራጭ ቆርጦ አውጥቶ እንደገና ማፍሰስ ነው። በቁመት የሄደ ስንጥቅም ሌላ ዘዴ ይፈልጋል፤ በሰያፍ ተበስቶ በብረት ይሰፋል። ስለዚህ ጊዜው የሚመረጠው ስላቡ ገና ጤነኛ ሳለ ነው፤ የበጀት ሹሞችን ማሳመን የሚከብደውም ያኔ ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ ለዓይን ደህና ይመስላል።

የእኛ አገርም ሬንጅ በውጭ ምንዛሪ ስለምታስገባና ሲሚንቶ ስለምታመርት፣ የአርማታ መንገድ ይሻለናል የሚለው ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ብቻ ከሆነ ግማሹን አልነካም። ዶዌል በግንባታው ጊዜ ሲገባ የወጪው ጥቂት ክፍል ነው፤ ኋላ ሲገባ ግን መጋዝ፣ ሞርታርና የተዘጋ መንገድ ይጠይቃል።

ዶዌል የሚሰጠው ቅብብል በመሣሪያ ይለካል። በመጋጠሚያው ዳር ክብደት ይወድቅና የሁለቱ ስላቦች ስምጠት ይነጻጸራል፤ አንዱ 10 ሲሰምጥ ጎረቤቱ 9 ከሰመጠ ቅብብሉ 90 በመቶ ነው፤ 4 ብቻ ከሰመጠ መጋጠሚያው ሞቷል ማለት ይቻላል። ለኪው በቀትር ሙቀት ከሄደ ስላቦቹ ሰፍተው ስለሚገፋፉ የሞተውም ጤነኛ ይመስላል፤ መለካት ያለበት በማለዳ ብርድ ነው። በ1992ቱ ሙከራ ብረት የገባባቸውም ያልገባባቸውም ክፍሎች ላያቸው እኩል ተላግቶ ነበር፤ ሥራው ባለቀ ቀን የነዳባቸው ሹፌር አንዱን ከሌላው መለየት አይችልም ነበር። ብረት ባልገባበት ክፍል ግን ዓመታት ሳይበዙ ደረጃዋ ተመልሳ መጣች።