«የየት ነው?» ያልተባለ ቡና

ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ጥሬ ቡና የምትገዛ ሴት መጀመሪያ ዋጋ አትጠይቅም። እፍኝ ታነሳለች፣ ታሸታለች፣ አንድ ሁለት ፍሬ በጥርሷ ትሞክራለች፣ ከዚያ «የየት ነው?» ትላለች። ነጋዴዋም «የወለጋ ነው»፣ «የጅማ ነው»፣ «የዚሁ የሀገራችን ነው» ትላታለች። ገዢዋ የተባለችውን ሁሉ አታምንም። መልስ ሳታገኝ ግን ብሯን ከመቀነቷ አትፈታም።

የዚችው ሴት ልጅ አስፋልቱ ዳር ካለ ካፌ ገብቶ «ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ» ሲል ይሄን ጥያቄ አይጠይቅም። ቢጠይቅም አስተናጋጇ «የማሽን ነው» ከማለት ሌላ የምትመልሰው የላትም። ማሽን ቡና አያበቅልም። ግን መልሱ እሱ ሆኖ ቀርቷል፤ ቡሬም ብትሄዱ ያው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አዳዲሶቹ ካፌዎች ሌላ ክርክር ይዘዋል። «ሲንግል ኦሪጅን» የሚባለው፣ ከአንድ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከአንድ እርሻ ብቻ የወጣ ቡና፣ ለኤስፕሬሶ ይሻላል ወይስ ከተለያየ ቦታ የመጣው ቅልቅል? የአንድ ቦታ ቡና ወዳጆች ቅልቅልን እንደ ማጭበርበር ያዩታል። የድሮዎቹ ደግሞ «ጎምዛዛ ቡና በውድ ዋጋ» ብለው ይስቁባቸዋል። ክርክሩ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ መልኩን ይቀይራል። እዚህ ያለው ችግር ቡናው መቀላቀሉ አይደለም፤ ምን ከምን እንደተቀላቀለ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

መቀላቀልን ከጎጃም ባለሙያ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? በርበሬ የምታዘጋጅ እናት አንዱን ዛላ ለቀለሙ፣ ሌላውን ለማቃጠሉ ትመርጣለች። ጎረቤት ቢጠይቃት የቱን ከየት እንዳመጣች፣ ስንት እጅ ከስንት እጅ እንዳደረገች ትናገራለች። ይሄ ሙያ ነው። ገበያ ላይ የተረፈውን ዛላ ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ገልብጦ «በርበሬ» ብሎ መሸጥ ግን ሙያ አይባልም። ሁለቱም ቅልቅል ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው።

የኤስፕሬሶ ማሽን በባህሪው ቅልቅልን ይወዳል። ለአንድ ስኒ ከ7 እስከ 9 ግራም የሚሆን የተፈጨ ቡና ይያዝና ከ90 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ በ9 ባር ግፊት፣ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ ያልፍበታል። ጣሊያናዊው አኪሌ ጋጂያ እ.ኤ.አ. በ1938 የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሻሻለው ማሽን ያመጣው ነገር ይሄው ግፊት ነው፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ወርቃማ አረፋም ከእሱ ወዲህ ነው። ግፊት ደግሞ ይሉኝታ የለውም። የቡናውን መልካሙንም ክፉውንም አጉልቶ ያወጣል። በጀበና ቀስ ብሎ ሲፈላ የአበባና የሎሚ ጠረን የሚሰጥ የታጠበ ይርጋጨፌ፣ ለቀቅ ተደርጎ ተቆልቶ በማሽን ሲወጣ ምላስ ሊያኮማትር ይችላል። ያልታጠበ የሐረር ወይም የወለጋ ቡና ሲጨመርበት ውፍረት ያገኛል፣ አረፋውም ይበረክታል። ጣሊያኖች ለዚህ ሲሉ ሮቡስታ ይጨምራሉ። የኢትዮጵያ ቡና አረቢካ ስለሆነ ሥራውን የሚሠራላት ያልታጠበው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ወቅት ነው። የአንድ ቦታ ቡና በዓመት አንዴ ይደርሳል፤ ይከርምና ይደክማል። ካፌ ግን በመስከረምም በሰኔም አንድ ዓይነት ስኒ ማቅረብ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1933 ትሪየስቴ ላይ የተመሠረተው ኢሊ ዘጠኝ ዓይነት አረቢካ ቀላቅሎ አንድ ጣዕም በመሸጥ ነው ስሙን የገነባው። እንዲያ ያለውን ቅልቅል ማጭበርበር ማለት ወጥን በአንድ ቅመም ካልሠራችሁ እንደማለት ነው። ወተት ሲገባበት ደግሞ ነገሩ ይብስበታል። ማኪያቶ ጠጪ በሆነ ከተማ ውስጥ ስስ የአበባ ጠረን ያለውን ውድ ቡና ወተት ውስጥ መስመጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገንዘብ ማባከን ነው።

እስከዚህ ድረስ ቅልቅል ባለድል ይመስላል። ግን የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ካፌዎች ቅልቅል በዚህ ስሌት የተሠራ አይደለም።

ቡሬን ያየ ሰው ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ላይ ሆና ወደ ነቀምቴ የሚገነጠለው መንገድ ከእሷ ይነሳል፤ ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ ይገባል። ጎጃም ከዓባይ ማዶ በመጣ ቡና ሲነግድ ዛሬ የመጀመሪያው አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ከደቡብና ከምዕራብ የመጣ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በአሞሌ ጨው የሚለወጥበት ትልቅ ገበያ ነበር። ስለዚህ ስኒው ውስጥ ያለውን ቅልቅል የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ቆይው አይደለም፣ መንገዱ ነው። መንገድ ሲከፈት የወለጋው ይበዛል፤ መንገድ ሲዘጋ፣ ባለፉት ዓመታት ደግሞ ደጋግሞ ተዘግቷል፣ በእጅ ያለው ይቆላል። ጠጪው «ቡናው ዛሬ ምን ነካው?» ይላል እንጂ ምን እንደነካው የሚነግረው የለም። ባለካፌውም በጥቁሩ ቆልቶ ይሸፍነዋል። እስኪከስል የተቆላ ቡና ሀገር የለውም፤ የጅማውም የቡሬውም ጭስ ጭስ ይላል።

በላዩ ላይ ሕጉ አለ። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡናን ሀገር ውስጥ መሸጥ ለዓመታት የተከለከለ ነበር። ሀገሪቱ ዶላር ያስፈልጋታል፣ ይሄ ይገባል። ውጤቱ ግን ግማሽ ያህሉን ቡናውን ራሱ የሚጠጣ ሕዝብ የሚደርሰው ደረጃ ያላሟላው፣ የተመለሰውና የተበጠረው መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ቡና ስም ይዞ አይመጣም።

ስም የማጣት ነገር ከካፌው በላይም ደርሷል። የሐረር ቡና በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል እየወጣ «ሞካ» ተብሎ ሲሸጥ ኖሯል። የጉጂ ቡና ለረጅም ጊዜ በሲዳሞ ስም ነበር የሚወጣው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ጀምሮ ቡና በዚያ በኩል እንዲገበያይ ሲደረግ ገበሬው የዕለቱን ዋጋ የሚሰማበት ዕድል አገኘ፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ግን መጋዘን የገባ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋር ስለሚደባለቅ የየትኛው ቀበሌ፣ የየትኛው ማጠቢያ እንደሆነ ጠፋ። የውጭ ገዢዎች ጮኹ። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ወጥቶ ቡናን ምንጩን ሳይለቅ መሸጥ የሚቻልበት በር እስኪከፈት ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሄደ።

ስም ስንት እንደሚያወጣ የሚጠራጠር ካለ ሁለት ነገር ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት ከስታርባክስ ጋር ክርክር ገጥሞ እስከ 2007 ዘልቋል። ስም ገንዘብ ባይሆን ያን ያህል ኩባንያ ለሦስት ቃላት አይከራከርም ነበር። በ2020 ደግሞ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው የ«ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማው የንጉሤ ገመዳ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ 407 ዶላር ተሸጧል። ይሄ ዋጋ የሎተሪ ያህል ነው፤ ማንም ገበሬ በእሱ ሒሳብ ልጅ አያስተምርም። ግን ያ ቡና ከሌላ ጋር ተደባልቆ ቢሆን ኖሮ ዳኞቹ ፊት አይደርስም ነበር።

ምዕራብ ጎጃምስ? ዘጌን ሁሉም ያውቃታል። በጣና ዳር፣ በገዳማቱ ዙሪያ ያለው የቡና ጫካ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ጋር ተያይዞ ይተረካል፤ እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው። ከዘጌ ወጥቶ ግን በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬና በወንበርማ ከጌሾው፣ ከሙዙና ከማንጎው ጋር ጓሮ ውስጥ የሚያድገውን ቡና ስሙን የሚጠራው ማነው? ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከፍታው ለአረቢካ የሚያስቸግር አይደለም። በበጋ ወንዝ ጠልፎ የሚያጠጣ ገበሬም አለ። ቡናው ገበያ ሲወጣ ግን «የሀገሩ» ይባልና ከወለጋው ጋር አንድ ጆንያ ይገባል። ቀይ እሸት ብቻ መርጦ ለቅሞ፣ በአልጋ ላይ ያደረቀ ገበሬና አረንጓዴውንም ጥቁሩንም አንድ ላይ አራግፎ መሬት ላይ ያሰጣ ገበሬ እኩል ይከፈላቸዋል። ታዲያ በሚቀጥለው ዓመት ማን ሊለቅም ነው?

የሚገርመው፣ ጎጃም የስምን ነገር በጤፍ አሳምሮ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ወፍጮ ቤት በር ላይ «የጎጃም ማኛ» ተብሎ ሲጻፍ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ጎጃምን ያልረገጠ ጤፍ ሳይቀር በስሙ ይሸጣል። ለጤፉ የሚቆረቆር ሰው ለቡናው ዝም ማለቱ ለምን ይሆን?

ነጋዴዎች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፤ ቀላልም አይደለም። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎችን፣ ወደ 19 ቶን ይፈልጋል። ከዚህ ጓሮ አሥር ኪሎ፣ ከዚያ ጓሮ ሃያ ኪሎ እየለቀሙ ያን ያህል አንድ ዓይነት ጥራት ያለው ቡና መሙላት አይቻልም ይላሉ። ዛሬ ላይ ልክ ናቸው። ስህተታቸው ስም የሚጀምረው ከጅቡቲ ወደብ ነው ብለው ማሰባቸው ነው።

ሒሳቡን እንየው። በቀን 200 ስኒ የሚያወጣ ካፌ ለአንዱ ሰባት ግራም ተኩል ቢያደርግ አንድ ኪሎ ተኩል የተቆላ ቡና ይበቃዋል፤ በወር 45 ኪሎ። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚያጣ ጥሬው 55 ኪሎ ገደማ ነው፣ ከሦስት ፈረሱላ ትንሽ በለጥ ቢል ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰባት ኩንታል አይሞላም። ይሄን የጓሮ ቡና ያላቸው ጥቂት አባወራዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው በኩል ሊያቀርቡት ይችላሉ። ባለካፌው ሙሉ በሙሉ የጎጃም ይሁን ካላለም ግማሹን የወለጋ፣ ግማሹን የቡሬ አድርጎ ግድግዳው ላይ ይጻፈው። ጀበናው ጋር ደግሞ የአካባቢውን ቡና ብቻውን ያቅርበው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ቆሞ ደንበኛው ወደ ጀበናዋ ስለሚዞር የሚቀምሰው አያጣም። ቡናው መጥፎ ከሆነም ይታወቃል። የአንድ ቦታ ቡና መደበቂያ የለውም፤ ይሄ ለአካባቢው ጥቅሙም አደጋውም ነው። አፈር አፈር የሚል ቡና «የፍኖተ ሰላም» ተብሎ ከወጣ ስሙን ለማንሳት ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ መጀመሪያ በከተማው ሰው ምላስ ቢፈተን ይሻላል፤ የከተማው ሰው ይቆጣል እንጂ ውል አይሰርዝም።

አውሮፓም ጉዳዩን እያጠበቀችው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ቢገፋም ይዘቱ ግልጽ ነው፤ የሚገባው ቡና ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ በካርታ ነጥብ መታየት አለበት። ቅልቅል ቢሆን እንኳ እያንዳንዱ ማሳ መጠቀስ ይኖርበታል። ከእንግዲህ ስም የሌለው ቡና ቅልቅል ውስጥ ለመግባትም ይቸገራል ማለት ነው።

ግድግዳ ላይ የሚጻፈው ስም ለገበሬው ብር ካላመጣ ግን ጌጥ ነው። ባለካፌው «የቡሬ ቡና» ብሎ ስኒው ላይ ሲጨምር ቀይ እሸት ለለቀመውም በኪሎ መጨመር አለበት፤ ጭማሪው ስንት እንደሆነም በማኅበሩ ደብተር ላይ መታየት አለበት። የመኸሩ ለቀማ በኅዳር ሲጋጋል ለዚህ ሙከራ የሚያስፈልገው አንድ ሚዛን፣ ጥቂት የሽቦ አልጋና የየአንዳንዱን ገበሬ ቡና ለብቻ መዝግቦ የሚይዝ አንድ ጸሐፊ ነው።