እጅ በማይገባበት ስፍራ ሪቬት ስለ መምታት

አሮጌ አውቶሞቢልን እንደ ጥንቱ አድርጎ ማደስ በብዙ አገር የሚወደድ የእጅ ሥራ ሆኗል። በዚህ ሥራ ሠራተኛውን አብዝቶ የሚያስመርረው ግን ሞተሩ እንዳይመስላችሁ። ሞተር ይወርዳል፤ በጠረጴዛ ላይ ይፈታል፤ ዐይንም እጅም ይደርስበታል። እጅግ የሚያስቸግረው ሁለት ላሜራ አጋጥሞ የሚይዘው፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጠው ሪቬት ነው፤ ይልቁንም ከበስተ ኋላው እጅ የማይገባ እንደ ሆነ።

ሪቬት ማለት አንድ ራስ ያለው ጥርስ አልባ አጭር ዘንግ ነው። በላሜራዎቹ ቀዳዳ ካለፈ በኋላ ጅራቱ ተመትቶ ሁለተኛ ራስ ይሆናል። ብሎን ይፈታል፤ ሪቬት ግን ካልተበሳ ወይም ካልተቈረጠ አይወጣም።

ለምሳሌ ላንድሮቨርን እንውሰድ፤ በምሥራቅ አፍሪካ በገጠር መንገድ የተዘዋወረ ባለሥልጣን ይህን መኪና ሳያውቀው አይቀርም። የሮቨር ኩባንያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ሲያቀርበው፣ ከጦርነቱ የተነሣ በእንግሊዝ አገር ብረት በልክ ይታደል ስለ ነበረ፣ የአካሉ ላሜራ የተሠራው በርማብራይት ከሚባለው፣ ማግኒዚየም ከተቀላቀለበት አሉሚኒየም ነበር። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ የጠርዙም ክፈፍ ዚንክ የለበሰ ብረት ነው። ዚንኩ በዕድሜ ብዛት ሲያልቅ፣ እርጥበት ባለበት ስፍራ ብረቱ አሉሚኒየሙን እየበላ ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። ጉዳቱም የሚደበቀው ከክፈፉ ሥር ስለ ሆነ፣ መኪናውን የሚያድስ ሰው ሪቬቱን አውጥቶ ክፈፉን ሳያነሣ ቀለም ቢቀባ፣ በሽታውን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም።

ማውጣቱስ ቀላል ነው። የራሱ መካከል በሾለ ብረት ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያም የሪቬቱን ውፍረት በሚያህል ፑንታ ራሱ ብቻ ይበሳል፤ የቀረው በመግፊያ ተመትቶ ይወድቃል። መብሻው እስከ ላሜራው ዘልቆ ቀዳዳውን ካሰፋው ግን አዲሱ ሪቬት ላልቶ ይወላገዳል።

መምታቱ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከውጭ በራሱ ላይ ይመታል፤ ሁለተኛው ከውስጥ ከባድ ብረት በጅራቱ ላይ ደግፎ ይይዛል። ለ4 ሚሊሜትር ሪቬት 6 ሚሊሜትር ያህል ጅራት ከላሜራው ወዲያ መትረፍ አለበት፤ ተመትቶ ሲያልቅም ስፋቱ 6፣ ከፍታው 2 ሚሊሜትር የሆነ ራስ ይወጣዋል። ደጋፊው ብረት ከተንሸራተተ ጅራቱ ወደ ጎን ይተኛል፤ ወይም ላሜራው ይጎደጉዳል፤ አሉሚኒየምም ለስላሳ ነውና ጉድጓዱ ከቀለም በታች እንኳ ይታያል። ስለዚህ ከመቺው ይልቅ ያዡ ብልህ ቢሆን ይሻላል።

ይህ ችግር የአውቶሞቢል ብቻ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ዊሎው ራን በተባለው የፎርድ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ቢ 24 አውሮፕላን ከ300,000 በላይ ሪቬት ነበረበት፤ በክንፉም ውስጥ በጠባቡ ስፍራ ገብተው የሚሠሩ፣ ቁመታቸው እጅግ አጭር የሆኑ ሰዎች ተቀጥረው ነበር። በቤት ጋራዥ ግን ዕጣው የሚወድቀው «ክንዷ ቀጭን ነው» እየተባለ በባለቤት ወይም በልጅ ላይ ነው። ለዐይን መነጽር፣ ለጆሮ መድፈኛ ሳይሰጡ ሰውን ወደዚያ ጩኸት ማስገባት ግን ነውር ነው።

ቀጭኑ ክንድ እንኳ ባይገባስ? ዋናው መድኃኒት ያለው መዶሻው ከመነሣቱ በፊት ነው። ክፍሎቹ ሁሉ በመጀመሪያ በጊዜያዊ ብሎን ይገጣጠሙ፤ በኋላኛው የጭነት ሣጥን ከጎማው ሽፋን በስተ ጀርባ ያሉትን የመሰሉ፣ የጎኑ ላሜራ ሲዘጋ የሚሸፈኑት ሪቬቶች በጠመኔ ምልክት ይደረግባቸው፤ ከዚያ ተፈትቶ እነዚያ አስቀድመው ይመቱ። በዚህ ብቻ የችግሩ እኩሌታ ይወገዳል።

ለተረፈው፣ ደጋፊው ብረት እንደ ምላስ የቀጠነ ይሁን። ሲቀጥን ክብደቱ እንዳያንስ ከተንግስተን የተሠራ ይፈለጋል፤ ይህ ማዕድን በመጠን እኩል ከሆነ ብረት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል። ከጠርዝ ላልራቀ ሪቬት ደግሞ መንጋጋው ጠርዙን ዞሮ ሁለቱን ወገን በአንድ ጊዜ የሚጨምቅ መሣሪያ አለ፤ መዶሻም አያስፈልገውም።

ብዙ ሰዎች ግን ወደ ፖፕ ሪቬት ይሮጣሉ። ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚሳብ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ተራው ዐይነት መካከሉ ክፍት በመሆኑ ውሃ ያሳልፋል፤ በውስጡ ተቈርጦ የሚቀረው የብረት ዘንግም ይዝጋል። በእኔ አስተያየት፣ በምንም መንገድ መድረስ ካልተቻለ ጫፉ ድፍን የሆነው ፖፕ ሪቬት ይግባ፤ መኪናው ሲሸጥም ለገዢው ይነገረው። በሚታየው ክፈፍ ላይ ግን አይደረግ።

በአሉሚኒየሙና በብረቱ መካከል ዝገት የሚከላከል ቀለም ሳይቀባ አንድም ሪቬት አይመታ። በመጨረሻ የመብሻው ብናኝ ተጠርጎ ይውጣ፤ የውስጡ መሸፈኛ ከመመለሱ በፊት አንዱ ከውጭ በክፈፉ ላይ ውሃ ያፍስስ፤ ሌላው መብራት ይዞ ከውስጥ ይመልከት፤ ውሃ ያንጠባጠበው ሪቬት ወዲያው በጠመኔ ይከበብ።