መንጠቆው የቤቱ ነው፣ ቬንትሌተሩ የተከራዩ

ግንቦት እየገባ ነው፤ ድሬ የኖረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ዛሬ ስለ ቬንትሌተር ልጽፍ ነው። አትሳቁ፣ ቁም ነገር ነው።

ሐሳቤን ከፊት ላስቀምጠው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ከተማ ቤት የሚያከራይ ሰው የጣሪያ ቬንትሌተር የሚሰቀልበትን መንጠቆና እስከ መንጠቆው የሚደርሰውን የመብራት መስመር ከቤቱ ጋር አብሮ ማዘጋጀት አለበት። ቬንትሌተሩን ተከራዩ ይግዛ፤ ሲወጣም ይዞት ይሂድ። መንጠቆው ግን እንደ በርና መስኮት የቤቱ አካል ነው። በር የሌለው ቤት አከራይቶ "በሩን አንተ አሠራ" የሚል ሰው የለም አይደል?

ለምን ይህን አልኩ? የምንከራየውን ቤት እስቲ ቀና ብላችሁ እዩት። አብዛኛው ከግቢ አጥር ጋር ተለጥፎ የተሠራ ሰርቪስ ነው። ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ ኮርኒሱም እንደ ጣሪያው ሰያፍ ሆኖ እንጨቱ ላይ ተመትቷል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ቀኑን ሙሉ የጋለው ቆርቆሮ ማታ ሙቀቱን የሚያወርደው እኛው ላይ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ አራስ ትተኛለች፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያጠናል። ከሙቀቱ የተነሳ አጎበር ገልጦ የሚተኛ ሰው ስንት ነው? ከዚያ ወባው ይከተላል። ስለዚህ ንፋሱ ቅንጦት አይደለም።

አከራዩ ሲከለክል ወይም ዝም ሲል ተከራዩ ምን ያደርጋል? በድብቅ ይሰቅላል። አደጋው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አምና ሰፈራችን ውስጥ አንድ ተከራይ በር ዘግቶ ቺፑድ ኮርኒሱ ላይ በሚስማር የሰቀለው ቬንትሌተር በሦስተኛው ሳምንት ኮርኒሱን ይዞ ወረደ። የወረደው ሕፃኑ የሚተኛበት ፍራሽ ላይ ነው። እግዜር ሲያተርፍ እናትየው ሕፃኑን አዝላ ደጅ ልብስ ታጥብ ነበር። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ምን ሆነ መሰላችሁ? ስለ ኮርኒሱ ዋጋ። ስለ ልጁ ያነሳ ሰው አልነበረም።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ነገሩን በቁጥር ላስረዳችሁ። ቬንትሌተሩ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናል። ክብደቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቺፑዱ ለጊዜው ሊሸከመው ይችል ነበር። ግን ይዞራል፣ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ሚስማሩን ቀን ከሌሊት ይነቀንቀዋል። ስለዚህ ክብደቱ ማረፍ ያለበት ሞራሌው ላይ ነው እንጂ ኮርኒሱ ላይ አይደለም። ኮርኒሱ መሸፈኛ ነው፣ ተሸካሚ አይደለም። ሞራሌው መሐል ላይ ካልገጠመ በሁለት ሞራሌዎች መካከል ጠንካራ እንጨት አጋድሞ ማሰር፣ መንጠቆውንም እንጨቱን አልፎ በሚወጣ ቡሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ ማጥበቅ ነው። ሚስማር እዚህ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ነገር ስላሹ ነው። ከፍ ያለው ግድግዳ 3.20 ሜትር፣ ዝቅ ያለው 2.40፣ የቤቱ ስፋት 4 ሜትር ነው እንበል። ጣሪያው በ4 ሜትር 80 ሳንቲም ይወርዳል ማለት ነው። ትልቁ ቬንትሌተር ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 1.40 ሜትር ነው፤ ከመሐሉ እስከ ጫፉ 70 ሳንቲም። በዚህ 70 ሳንቲም ውስጥ ኮርኒሱ 14 ሳንቲም ይወርዳል። ስለዚህ ዝቅ ባለው በኩል ክንፉ ለኮርኒሱ የሚቀርበው በ14 ሳንቲም ነው። ክንፉ ከመንጠቆው 40 ሳንቲም ዝቅ ብሎ እንዲዞር ካደረግነው፣ በጠባቡ በኩል 26 ሳንቲም ይተርፈዋል፤ አየር ለመሳብ ይበቃዋል። መሐል ላይ የኮርኒሱ ከፍታ 2.80 ስለሆነ ክንፉ ከወለሉ 2.40 ላይ ይሆናል። ከ2.10 በታች ከወረደ ግን እጁን የዘረጋ ሰው ይነካዋል። ጣሪያው የበለጠ ያዘነበለ ከሆነ ዘንጉ መርዘም አለበት። ካርቶኑ ውስጥ የመጣው አጭር ዘንግ ለሁሉም ቤት አይሆንም። ከግድግዳም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ራቁ፤ የአጎበሩ ገመድም ወደ ክንፉ እንዳይደርስ።

ሦስተኛ፣ ቬንትሌተሩ በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ መንጠልጠል አለበት። ጎማና ቡሎን ያለው፣ መንጠቆ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ጣሪያው ቢያዘነብልም እሱ ቀጥ ይላል። ከኮርኒሱ ጋር ተጣብቆ የሚታሰረው ዓይነት ግን ከጣሪያው ጋር አብሮ ይጋደማል፤ ከዚያ ይወዛወዛል። ዳዶው እንዳይፈታ የምታልፈዋን ትንሽ ብረት ደግሞ "ትርፍ ናት" ብላችሁ እንዳትጥሏት። ሰው የሚያድነው እሷ ናት። የመብራቱን ሥራ ለባለሙያ ስጡ፤ እሱም ብሬከሩን አጥፍቶ፣ በቴስተር አረጋግጦ ይጀምር።

አሁን ወደ አከራዮች ልምጣ። ከእናንተም መካከል ተማሪዎቼ የነበሩ አሉ፣ ስለዚህ በአክብሮት ነው። የምሰማው መልስ ሦስት ዓይነት ነው።

"ቤቴን ይበሱብኛል።" እውነት ነው፣ ይበሳሉ። እንዳይበሱ ነው እኮ መንጠቆውን አስቀድማችሁ አድርጉ የምለው። አንድ ደህና መንጠቆ ባለበት ቤት አምስት ተከራይ ቢፈራረቅ አንድም አዲስ ቀዳዳ አይወጣም። በሌለበት ግን እያንዳንዱ የራሱን ይበሳል።

"ቆጣሪ ይበላል።" እስቲ እናስላው። ትልቁ ቬንትሌተር ወደ 75 ዋት ነው። 8 ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ቢዞር 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የእንጀራ ምጣዱ 3,500 ዋት ከሆነ፣ አንድ ሰዓት ሲጋገርበት የሚወስደው መብራት ቬንትሌተሩን ወደ 6 ሌሊት ያዞረዋል። ምጣድ ተፈቅዶ ቬንትሌተር የሚከለከለው በምን ሒሳብ ነው? በጋራ ቆጣሪ ላይ ጭቅጭቅ ካለ በዚህ ሒሳብ ተነጋገሩ እንጂ ሰው በሙቀት አይቀቀል።

"ዛሬ ገብቶ ነገ ለሚወጣ ሰው?" እሱም ቢሆን ተቀይሯል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ሁለት ዓመት ማለት ቢያንስ ሁለት ግንቦት ነው፣ ሁለት ሰኔ ነው።

ተከራዮችም ብትሆኑ ከነገሩ ነፃ አይደላችሁም። ሳይነግሩ ሰቅሎ፣ ሲወጡ ኮርኒሱን ቀዶ፣ ገመዱን ባዶ አንጠልጥሎ መሄድ ነውር ነው። የተራቆተ ሽቦ ለሚቀጥለው ቤተሰብ ወጥመድ ነው። ባለቤቷ እናት ወይም አባት ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ትሄዱ ነበር?

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ውሉ ላይ አራት መስመር ጨምሩ። አንድ፣ መንጠቆውና መስመሩ የቤቱ ነው፣ ወጪውም የባለቤቱ። መንጠቆ የሌለው ቤት ከሆነ ተከራዩ በባለሙያ ያሠራና ደረሰኙን አቅርቦ ከኪራይ ይታሰብለት። ሁለት፣ ቬንትሌተሩ የተከራዩ ንብረት ነው። ሦስት፣ ተከራዩ ሲወጣ ቬንትሌተሩን ያወርዳል፣ የሽቦውን ጫፍ በባለሙያ ያሸፍናል፣ መንጠቆውን አይነካም። አራት፣ የመብራት ሒሳቡ እንዴት እንደሚከፈል። ይህ ተጽፎ ከተፈረመበት ማንም ማንንም አይፈራም፣ በር ዘግቶ የሚሰቅልም አይኖርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቬንትሌተር አየሩን አያቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዘው ላባችንን በማድረቅ ነው። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ እያዞራችሁ አትውጡ፣ ትርፉ ወጪ ነው። በሰያፍ ጣሪያ ደግሞ ትኩሱ አየር የሚሰበሰበው ከፍ ባለው ግድግዳ በኩል ነው። እዚያ ላይ አየር ማስወጫ ካልተተወ ቬንትሌተሩ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ወደ ታች ይገፋዋል። ከዚራ ያሉትን የድሮ የባቡር ሰፈር ቤቶች እዩ፤ ከፍ ያለ ጣሪያና በረንዳ የተሠራላቸው ለጌጥ አይደለም። ያኔ የሠሩት ሰዎች ፀሐዩን አይተው ነው የሠሩት።

ዘንድሮ ሰርቪስ እየሠራችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ ቆርቆሮው ተመቶ ኮርኒሱ ገና ካልተዘጋ ዛሬውኑ አናጢውን ጥሩት። አንድ አግዳሚ እንጨት፣ አንድ ቡሎን፣ አንድ መንጠቆ፣ ጥቂት ሜትር ሽቦ፣ ከላይ አንድ አየር ማስወጫ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኮርኒሱ ከተዘጋ በኋላ ግን ወጪውም ጭቅጭቁም እጥፍ ይሆናል።