የመጨረሻው ሰርቨር ይቆይ

የክላስተርን ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሰርቨር በሰርቨር ማሻሻል አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ይረዳል፤ ስጋቱን ግን አያስወግድም። ኩበርኔቲስ መረጃውን የሚያኖርበትን ኤትሲዲን እንመልከት። 3 አባላት ላሉት ክላስተር ምልዓተ ጉባኤው 2 ነው፤ አንዱ ለማሻሻያ በወረደበት ሰዓት ሌላው ቢወድቅ አዲስ መረጃ መጻፍ ይቆማል። ይህን ብዙዎች ያውቁታል። እምብዛም የማይወሳው የመጨረሻው አባል ነው። አሮጌና አዲስ ዕትም ተቀላቅለው ሳለ ክላስተሩ የሚሠራው በዝቅተኛው ዕትም ደንብ ስለሆነ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ የመጨረሻው ሲሻሻል ግን መመለሱ ይበልጥ ይከብዳል። በእኔ እምነት፣ ሁሉንም በአንድ ሌሊት መጨረስ (እንደ ብቃት ቢቆጠርም) ስሕተት ነው፤ ሦስተኛው ቢያንስ አንድ የሥራ ቀን ሊዘገይ ይገባል። መጠባበቂያ ቅጂ አለ ይባል ይሆናል፤ ሆኖም ከቅጂ መመለስ ቅጂው ከተወሰደ ወዲህ የተጻፈውን ሁሉ ያጠፋል።