ይህን እንጀራ የመዘነው ማን ነው?

ዛሬ በቤቴ ከደረሰ ነገር ልጀምርና፣ ብዙዎቻችን በኪሳችን ይዘነው ስለምንዞር አንድ ሚዛን እንነጋገራለን።

አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እዚህ ሜሪላንድ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። የስኳር ሕመም ከያዛቸው ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ አሁን ምግብ በበሉ ቁጥር ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሐኪማቸው ለሚበሉት እያንዳንዱ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት 1 ዩኒት እንዲወስዱ አዝዘውላቸዋል። (ይህ ልክ የታዘዘው ለእርሳቸው ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው አይሆንም።) ሂሳቡን የምሠራው እኔ ነኝ። ለዚህም በስልኬ ላይ የምግብ መመዝገቢያ አፕ ጫንኩ። የምግቡን ስምና ክብደት ስጽፍለት ካሎሪውንም፣ ካርቦሃይድሬቱንም፣ ጨውንም ይነግረኛል። ለወራት በዳቦና በሩዝ ስጠቀምበት ችግር አልገጠመኝም።

አንድ ቅዳሜ ማታ ግን ናፍቆኛል ስላሉ ጎመን ሠርቼ ግማሽ እንጀራ አቀረብኩላቸው። እንጀራውን በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት፤ 157 ግራም ሆነ። በስልኬ «የጤፍ እንጀራ» ብዬ ፈለግሁና መጀመሪያ የመጣውን ተጫንኩ። በ100 ግራም 73 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው ይላል። አባዛሁት፤ 115 ግራም ገደማ ሆነ። 11 ዩኒት ኢንሱሊን ወሰዱ።

ከአንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ እማማ ላብ አጠመቃቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ንግግራቸው ተሳሰረ። ስኳራቸውን ስንለካው 52 አለ። ከ70 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው ተብለን ተምረናል። ባለቤቴ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ አጠጣቸው፤ እኔ እጃቸውን ይዤ ጸለይኩ። ያቺ 15 ደቂቃ የረዘመችብኝን ያህል የረዘመ ሌሊት አላስታውስም። እንደገና ስንለካው 78 ሆነ። ጌታ ይመስገን።

እማማ ሲረጋጉ ስልኬን እያዩ፣ «ልጄ፣ ይህን እንጀራ የመዘነው ማን ነው?» አሉኝ።

«ስልኩ ነው እማማ፤ እዚህ ላይ ተጽፏል» አልኳቸው።

«ስልክ እንጀራ ጋግሮ ያውቃል እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም።

ቁጥሩን የሚያስገባው ማን ነው?

ብዙዎቻችን እነዚህን ቁጥሮች የሚያስገባው አንድ ትልቅ ቤተ ሙከራ ይመስለናል። በብዙዎቹ አፖች ግን አብዛኛውን የሚያስገባው እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ተጠቃሚ ነው። ከታወቁት አንዱ ማይፊትነስፓል ነው (እኔ የምጠቀመው እርሱን አይደለም)። እርሱን እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ማይክ ሊ የተባለ ሰው ሲሆን፣ መነሻው ከሠርጉ በፊት ክብደት ለመቀነስ የምግቡን ካሎሪ በወረቀት መቁጠር ስለሰለቸው ነው። ዛሬ መዝገቡ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ምግቦች አሉበት። ይህን ሁሉ ጥቂት ሠራተኞች ሊጽፉት አይችሉም፤ ሕዝቡ ነው የሞላው።

ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ሕዝቡ ባይጽፍ ኖሮ የእኛ እንጀራ፣ ሽሮና ቆጮ እዚያ ውስጥ ባልተገኙም ነበር። ችግሩ አንዱ ሰው መዝኖ፣ ሌላው በግምት፣ ሌላው በችኮላ መጻፉ ነው፤ ከጻፉት በኋላ ግን ሦስቱም በእኩል ፊደል፣ በእኩል እርግጠኝነት ፊታችን ይቀርባሉ።

ስህተቱ የሚገባው በየት ነው?

የመጀመሪያው በር ጥሬና የበሰለ መቀላቀል ነው። በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት መዝገብ 100 ግራም ጥሬ ጤፍ 367 ካሎሪ ሲኖረው፣ 100 ግራም በውኃ የተቀቀለ ጤፍ ግን 101 ብቻ ነው። ጤፉ አልተለወጠም፤ ውኃ ገባበት እንጂ። በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ያ የማላውቀው ሰው የዱቄቱን ከረጢት አይቶ 73 ግራም የሚለውን ገለበጠና ስሙን «እንጀራ» አለው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ስሙ ግን ሐሰት ነው።

ሁለተኛው «1 እንጀራ»፣ «1 ጭልፋ»፣ «1 ሳህን» የሚለው መለኪያ ነው። የማን እንጀራ? ሰፊ ምጣድ ያላት እህት አንዱ እንጀራ የሌላዋን እጥፍ ሊሆን ይችላል። እዚህ አገር ደግሞ ጤፉ ከስንዴና ከገብስ ጋር ይቀላቀላል፤ ስለዚህ ስሙ አንድ ሆኖ ነገሩ ይለያያል።

ሦስተኛው ጊዜ ያለፈበት ጽሑፍ ነው። በአሜሪካ የምግብ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ደንብ ተለውጧል። የአይስክሬም አንድ መመገቢያ መጠን ግማሽ ኩባያ የነበረው ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ሆኗል። ከዚያ በፊት በትክክል የተገለበጠ ቁጥር ዛሬም በመዝገቡ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ጻፊው አልዋሸም፤ ጊዜው ግን አልፎበታል።

አራተኛው ዝንጋታ ነው። ዘይትና ቅቤ ይረሳሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ የገባበት ወጥ ያለ ዘይት ሲመዘገብ ከድስቱ 360 ካሎሪ ተሰወረ ማለት ነው። ከአውሮፓ ማሸጊያ የሚገለብጥ ሰው ደግሞ ኪሎጁሉን ካሎሪ ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ 100 ካሎሪ 418 ኪሎጁል ስለሆነ ስህተቱ ከአራት እጥፍ ይበልጣል።

በወጥ ቤታችን ያደረግነው

በማግስቱ ወደ ሐኪማቸው ስልክ ደወልን። ሰኞ ዕለት ደግሞ እኔና እማማ አብረን ቆመን አንድ ሙሉ ኪሎ የጤፍ ዱቄት መዘንን። እርሳቸው አቦኩት፤ እርሾውን የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። በሦስተኛው ቀን ተጋገረ። ሰባት እንጀራ ወጣው፤ ሁሉንም በአንድነት ስንመዝነው 2 ኪሎ ከ200 ግራም ሆነ። በኪሎ ዱቄቱ ውስጥ 730 ግራም ካርቦሃይድሬት ካለ፣ ያው 730 ግራም አሁን በ2200 ግራም እንጀራ ውስጥ ተከፋፍሏል። ስለዚህ 100 ግራም እንጀራ የሚይዘው 33 ግራም ገደማ ነው። ያን ቅዳሜ የበሉት ግማሽ እንጀራ 115 ሳይሆን 52 ግራም ነበረው። የሚያስፈልጋቸው 5 ዩኒት ሆኖ ሳለ እኔ 11 አስወግቻቸዋለሁ።

ቁጥሩን ለሐኪማቸውና ለሥነ ምግብ ባለሙያዋ አሳይተን፣ እነርሱ ተመልክተውት ነው መጠቀም የጀመርነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ እንጂ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ መድኃኒት አትቀንሱ፣ አትጨምሩም።

ሌላም ቀላል መፈተሻ አለ። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ዊልበር አትዋተር በተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሥራ ላይ ተመሥርቶ የሚሠራበት ሂሳብ ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል። በጥሬ ጤፍ እንሞክረው። 73 ግራም ካርቦሃይድሬት በ4 ሲባዛ 292፤ 13.3 ግራም ፕሮቲን በ4 ሲባዛ 53፤ 2.4 ግራም ስብ በ9 ሲባዛ 22 ገደማ። ሲደመር 367 ይሆናል፤ መዝገቡም ያለው ይህንኑ ነው። አሁን «እንጀራ፤ 60 ካሎሪ፤ 35 ግራም ካርቦሃይድሬት» የሚል ብታገኙስ? ካርቦሃይድሬቱ ብቻውን 140 ካሎሪ ነው። ጻፊው አንዱን ተሳስቷልና እለፉት። ነገር ግን ይህ መፈተሻ ሁሉንም አይዝም። የዱቄት ቁጥር በእንጀራ ስም ቢጻፍ ድምሩ ይስማማል፤ እኛን የጎዳንም እንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ ከድምሩ በፊት ጥሬ ነው ወይስ የበሰለ ብላችሁ ጠይቁ።

ከተቻለም ምንጩን የሚናገር መዝገብ ምረጡ። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 የከፈተው ፉድዳታ ሴንትራል ለማንም በነጻ ክፍት ነው። እንደ ክሮኖሜትር ያሉ አፖች ደግሞ ተጠቃሚ የላከውን ሠራተኞቻቸው ካላዩት በቀር ለሌላው አያሳዩም፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣም ይጽፋሉ። በአገራችንም የምግቦች ይዘት ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል፤ ከዚያ በኋላም ተጨማሪ ክፍሎች ወጥተውለታል።

የባለሙያ ቁጥርም ቢሆን ፍጹም ነው ማለት አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ራሱ በማሸጊያ ላይ የተጻፈው ካሎሪ ከእውነተኛው እስከ 20 በመቶ ቢያንስ ይታገሣል። የጤፍ ብረት ማዕድንም በቀድሞ መዝገቦች እጅግ ከፍ ብሎ የታየበት አንዱ ምክንያት፣ ጤፉ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ አፈር ስለሚቀላቀልበት ነው። የተቆጠረው ከፊሉ የአፈሩ ብረት ነበር። ባለሙያዎቹ ግን ይህን መርምረው ራሳቸው ተናገሩት። ታማኝ ሚዛን ስህተቱን የሚያርም ሚዛን ነው።

የእኔ ሽሮ

ወገኖቼ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ያን የማላውቀውን ሰው ለብዙ ቀን በልቤ ወቀስኩት። ከዚያ አንድ ምሽት እኔ ራሴ ያስገባኋቸውን ምግቦች አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። «ሽሮ ወጥ» የሚል አገኘሁ። ዱቄቱን ጽፌዋለሁ፤ ሽንኩርቱን ጽፌዋለሁ። ዘይቱ የለም። ረስቼው አይደለም። ያን ጊዜ ክብደት ለመቀነስ እታገል ስለነበር የቀኑ ድምር እንዳይበዛብኝ ሆን ብዬ ተውኩት። ከታች ደግሞ «ለሌሎችም ይታይ» የሚለውን ምልክት አድርጌበታለሁ።

ራሴን ለማታለል የጻፍኩት ቁጥር ለስንት ሰው ማዕድ ላይ እንደቀረበ አላውቅም። ምናልባት የልብ ሕመምተኛ፣ ምናልባት እንደ እማማ ያለ አረጋዊ ተጠቅሞበት ይሆናል። በዘዳግም 25፥13-15 እግዚአብሔር ሕዝቡን በከረጢታቸው ትልቅና ትንሽ፣ ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ እንዳይዙ ያዝዛቸዋል። ምሳሌ 11፥1ም ሐሰተኛ ሚዛን በጌታ ፊት የተጠላ መሆኑን ይነግረናል። እኔ እነዚህን ቃሎች ሁልጊዜ የማነብባቸው ስለ ነጋዴ እንደሚናገሩ አድርጌ ነበር። ለካ ነጋዴዋ እኔ ነበርኩ፤ ከረጢቱም ስልኬ ነበር።

በዚያው ምሽት ሽሮውን ከነዘይቱ አስተካክዬ ጻፍኩት። የእንጀራውንም ስም «የጤፍ ዱቄት፣ ጥሬ» ተብሎ እንዲታረም ጥቆማ ላክሁ። እማማንም ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ግንባሬን ስመው፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አብረን እንመዝናለን» አሉኝ።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ እነዚህን አፖች ጣሏቸው ማለቴ አይደለም። ሐዋርያት ሥራ 17፥11 ስለ ቤርያ ሰዎች የሚለውን አስታውሱ፤ የተነገራቸውን በደስታ ተቀበሉ፣ ነገሩ እንዲሁ መሆኑን ግን በየቀኑ መረመሩ። ከጳውሎስ አፍ የሰሙትን ከመረመሩ፣ እኛ ማን እንደጻፈው የማናውቀውን ቁጥር በሕመምተኛ ወላጆቻችን ሰውነት ላይ ከማዋላችን በፊት እንዴት አንመረምርም? ስንጽፍም የመዘንነውን ብቻ እንጻፍ፤ ያልመዘንነውን ለራሳችን እናስቀረው። የማናየው ወንድማችን ሊበላበት ነውና።

እግዚአብሔር ማዕዳችሁን ይባርክ፤ ሚዛናችሁንም እውነተኛ ያድርግላችሁ። እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ቆዩ።